የአባባን ቀኝ እጅ የያዝኩበት ክረምት

በቀደም ለሥራ ሰበታ ሄጄ ከታክሲ እንደወረድኩ አንድ ሽታ ባለሁበት አቆመኝ። ዘይት የተበጠበጠበት ውሃ የጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ጥቂት ሳሙና፣ ጥቂት ጭስ፣ ጥቂት ደግሞ ዝናብ ዝናብ ይላል። ከመንገዱ ማዶ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ ቶርኖ ቤት ነበር። አንድ ጎረምሳ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብረት ይጠርባል። ቀጠሮዬ ረፍዶብኛል፤ ግን ንቅንቅ አላልኩም። የሚያየኝ ሰው ልጁን የምጠብቅ ሳይመስለው አልቀረም፤ ይምሰለው። እኔ በዚያች ሰዓት ቡራዩ ነበርኩ፣ ክረምት ነበር፣ የፊት ጥርሶቼም ገና አልበቀሉም ነበር።

አያቴ ኦቦ በዳዳ የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ በአንድ ቶርኖ ላይ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ማሽኑም አርጅቷል ተብሎ ሊጣል ሆነ። ለምነው ወደ ቤት አመጡት። ቤታችን ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ነበረች፣ ሰፈሩ ሁሉ "ጋራዥ" የሚላት። መኪና ገብቶባት አያውቅም። ውስጧ ያለው ቶርኖው፣ አንድ ብረት መያዣ ሞርሳ የተመታበት ጠረጴዛ፣ ከመስኮቷ በኩል ደግሞ የባህር ዛፍ ሽታ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው ከአባባ ጋር ስለነበር ትምህርት ቤት ሲዘጋ መዋያዬ እዚያ ነበር።

አሮጌዋን ቶርኖ ቡሬ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቀለሟ በየዘመኑ ተደራርቦ ተላልጦ አንድ ቦታ አረንጓዴ፣ አንድ ቦታ ግራጫ፣ አንድ ቦታ ዝገት ሆኖ ነበር። ደግሞም ላም ለመሆኗ ምንም ጥርጥር አልነበረኝም። ሥራ ሲጀመር ከላይ ካለችው ቀጭን ቱቦ ነጭ ነገር ይወርድ ነበር። ብረቱ እንዳይግል የሚፈስ ዘይትና ውሃ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ወተት ነው ብዬ አምኜ አልጠየቅኩም። አባባ ከሥር ባስቀመጡት ጣሳ ሲጠራቀም መልሰው ሲያፈሱት፣ ጥጃ ስለሌላት ራሷ ትጠጣዋለች እል ነበር።

የእኔ ሥራ የብረት ልጣጩን መጥረግ ነበር። ስለቱ ብረቱን ሲልጠው ልጣጩ እንደ ሹሩባ ጫፍ ተጠቅልሎ ይወድቃል፤ አንዳንዱ ብርማ ነው፣ አንዳንዱ ሲግል ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊዎቹን ለይቼ በወተት ጣሳ አስቀምጣቸው ነበር፤ ማታ ሳያቸው ግን ሁልጊዜ ቀለማቸው የደበዘዘ ይመስለኛል። እናቴ እዚያ ከመግባቴ በፊት ጸጉሬን አጥብቃ ሠርታ፣ በሻሽ ጠፍንጋ፣ የሻሹን ጫፍ ወደ ውስጥ ትወትፈው ነበር። "ቶርኖ ጸጉር ይወዳል" ትለኛለች። እኔም ቡሬ ጸጉሬን አይታ የምታደንቅ እየመሰለኝ በየቀኑ ስለምሸፈን አዝንላት ነበር።

አባባ ሲሠሩ ሁለት መዘውር ይይዛሉ። በግራ እጃቸው ትልቁን እያዞሩ ስለቱን በብረቱ ርዝመት ይነዱታል። ቀኝ እጃቸው ትንሿ ላይ ታርፋለች፤ እሷ ስለቱን ወደ ብረቱ የምታስጠጋ ናት። ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረው ጥርሳም ክብ ነገር ማንድሪኖ ይባላል። ስለቱ ወደ ማንድሪኖው ሲቃረብ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ የአባባ ቀኝ እጅ ሸርተት ትል ነበር። በጣም ትንሽ ናት። ላም የሚያልብ ሰው መሃል ላይ ጎኗን ቸብ እንደሚያደርጋት ዓይነት። እኔም እንዲያ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አባባ ቡሬን እያባበሏት ነው።

ታዲያ በዚያ ክረምት አጎቴ ግርማ አዲስ ቶርኖ ይዞ መጣ።

ግርማ የአባባ ልጅ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዞ ነው፤ ያን ቀን ግን የጭነት መኪናው ራሱ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናው መግባት አልቻለም። የሰፈሩ ጎረምሶች ቶርኖውን አውርደው የባህር ዛፍ ግንድ ከሥሩ እያነጠፉ፣ እየተንጫጩ አንከባለሉት። አረንጓዴ ነው፤ ሁሉ ነገሩ አንድ ዓይነት አረንጓዴ። ሸራው ሲገለጥ ሰውነቱ በሙሉ ወፍራም ቢጫ ቅባት ተለቅልቆ ነበር። እንዳይዝግ ፋብሪካው የቀባው ነው። እኔ ግን ቅቤ መስሎኝ፣ በአገሩም ሰዎች ያከብሩታል ማለት ነው ብዬ በጣም ተገረምኩ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሳይቀሩ እርጥብ ሳር ይዘው መጥተው አናቱ ላይ አኖሩለት፤ ከቤታቸው ያመጡትንም ቅቤ ጠቅ አደረጉበት።

"አባዬ፣ እስከ መቼ በዚያ ቁርጥራጭ ይሠራሉ?" አለ ግርማ፤ ፊቱ በኩራት በርቶ ነበር። "ይኸውልዎት። ከእንግዲህ ወገብዎት ይረፍ።"

አባባ አዲሱን ቶርኖ ዞሩት። ስለቱ የሚንሸራተትበትን ሀዲድ በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። "ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ" አሉ። አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጋራዧ ሁለት ቶርኖ አትችልም። ግርማ አሮጌዋን አስቀድሞ ሱሉልታ ለሚኖር ታምራት ለሚባል ልጅ ሰጥቷት ኖሯል። ታምራት ከወላይታ መጥቶ በግንባታ ሥራ ብየዳ የለመደ፣ የራሱን ቤት ሊከፍት ደፋ ቀና የሚል ወጣት ነበር፤ በዚያው መኪና ሊጭናት አብሮ መጥቷል። አባባ ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክረው ቡሬን ጠረጓት፤ ማንም የማያየውን ሆዷን ሁሉ። ስትሄድ እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ፤ ሻሼ ወልቆ ጭቃ ገባ። አባባ ኮታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመው አዩዋት፣ ከዚያ ገብተው የአዲሱን ቅባት መጥረግ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሥራ የእትዬ አስካለ ወፍጮ ዘንግ ነበር። ክረምት ላይ ወፍጮ ሲቆም ሰፈሩ ሁሉ ይቆማል፤ ሴቶቹ እህል አዝለው በዚያ ጭቃ ሩቅ መሄድ አለባቸው። አባባ ዘንጉን ጠርበው ሰጡ። ወፍጮው ተነሳ፤ ወዲያው ደግሞ መንገጫገጭ ጀመረ፣ ከዚያ ዘንጉ ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ጭስ ወጣ። ዘንጉ በአንደኛው ጫፍ ቀጥኖ ኩሽኔታው ውስጥ ይወዛወዝ ነበር። እትዬ አስካለ ዘንጉን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ሰው ፊት ላለማሳየት ይመስላል፣ ይዘውት መጡ።

"ኦቦ በዳዳ፣ ምናልባት ብረቱ ይሆናል" አሉ በትሕትና።

"ብረቱ አይደለም" አሉ አባባ።

ሌላ ጠረቡ። በካሊብሮ ሲለኩት አሁንም ወደ ማንድሪኖው በኩል ቀጥኗል። ስለቱን ለወጡ። ማሽኑ ዘምሞ ይሆናል ብለው እግሩ ሥር ላሜራ ሸጎጡ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ደጋግመው ወለወሉ። የተበላሸው ብረት ግድግዳው ጥግ እየተደገፈ በዛ፤ ለእኔ የሚያምር አጥር ነበር። አባባ ግን ምሳ ሲመጣላቸው እጃቸውን ታጥበው፣ ሳይበሉ፣ መልሰው ይገቡ ነበር። ሰውም ወሬ ጀመረ። እጃቸው ደከመ ይሉ ነበር፣ ሲያዩዋቸው ግን "አካም ቡልታን" ብለው በደንብ ሰላም ይሏቸዋል።

ግርማ ይህን ሰምቶ ሊያየን መጣ። ከእናቴ ጋር ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያወራሉ፤ ማድ ቤቱና ጋራዧን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው።

"ዓይናቸው ነው" አለ ግርማ። "እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ቀድሜ ማሳረፍ ነበረብኝ። አሁን ጅቡቲ ደርሼ ስመለስ አንድ ወጣት ይዤ እመጣለሁ። እሱ ይሥራ። አባዬ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዛሉ።"

"ይከፋቸዋል" አለች እናቴ።

"ሰው ፊት ከሚዋረዱ ይሻላል።"

ከቆርቆሮው ወዲህ አባባና እኔ ነበርን። አባባ ብረት እያሰሩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ጋራዧን በዓይናቸው ዞሯት። ወንበር የሚቀመጥበት ቦታ የሚፈልጉ መሰለኝ፤ እዚያ ቤት ወንበር ኖሮ አያውቅም። እኔ የምቀመጠው በተገለበጠ ባልዲ ላይ ነው። "ሰማሽ?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰምቻለሁ። አባባን እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው ስለማላውቅ እኔም ፈራሁ።

ችግሩ ምን እንደሆነ ግን በበኩሌ አውቄው ነበር። አዲሱ ቶርኖ አያውቀንም። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የቻይና ነው ብሎ ግርማ ነግሮኛል፤ ስለዚህ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም። ትምህርት ቤት አዲስ ልጅ ሲመጣ እንደሚደረገው ማስለመድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከገፈርሳ በኩል በመስኮቷ ሲገባ፣ አባባ ሳይነሱ ሄጄ "አካም ቡልተ" እለዋለሁ፤ ቀጥዬ በአማርኛ "እንዴት አደርክ" እለዋለሁ። ስሜ ሀዊ እንደሆነ፣ እትዬ አስካለ ክፉ እንዳልሆኑ፣ ሳሩን የሰጡት እሳቸው እንደሆኑ ነገርኩት። ብረቱ ቀዝቅዞ ጠል አቁሮ ነበር። አንዳንዴ ጠብታው ወርዶ ጣሳው ላይ ሲያርፍ መለሰልኝ እል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ያዘው። የማሽኑ ድምፅ በዝናቡ ውስጥ ሰጥሞ ሩቅ ያለ ወፍጮ ይመስል ነበር፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ባልዲዬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ከመዘውሮቹ ጋር እኩል ነው። አባባ ይጠርባሉ። ነጩ ውሃ ይወርዳል። ስለቱ ወደ ማንድሪኖው ቀረበ፣ ቀኝ እጃቸው ቸብ አደረገችው።

"አባባ፣ አይንኩት" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"እሱን። ቡሬ ሲነኳት ደስ ይላታል። እሱ ግን ገና አልለመደዎትም፤ ለዚያ ነው የሚቆጣው።"

"የት ነው የነካሁት?"

ተነስቼ ቀኝ እጃቸውን ነካሁ። "በዚችኛዋ። እዚያ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ቸብ ያደርጉታል።"

"አልነካሁም።"

"ነክተዋል።"

በልጅነቴም ክርክር አልሸሽም ነበር። አባባ ሳቅ ሊሉ ፈልገው ተዉት። ማሽኑን አጥፍተው ሌላ ብረት አሰሩ፤ "ሱታ፣ ሱታ"፣ ቀስ ቀስ እያሉ፣ ለራሳቸው ይመስለኛል፣ መጥረብ ጀመሩ። በዚህኛው ጊዜ ብረቱን አላዩም። እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ስለቱ ቦታው ሲደርስ እጃቸው ሸርተት አለች፤ ሌባ ስትሰርቅ እንደያዟት ሁሉ አባባ በግራ እጃቸው ለቀም አደረጓት። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው መዳፋቸውን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ነገሩን ያስረዱኝ ቀስ እያሉ ነው። ቡሬ ብዙ ዘመን የሠራችው ማንድሪኖው አካባቢ ስለነበር ሀዲዷ እዚያ ጋ ተበልቷል። ስለቱ እዚያ ሲደርስ ከብረቱ በጸጉር ያህል ይሸሻል። የአባባ እጅ ያችን ጸጉር መልሳ መግፋት ተምራለች። ማንም አላስተማራት፤ እሳቸውም አያውቁም። አዲሱ ቶርኖ ሀዲዱ ልክ ነው፤ እጃቸው ግን የቡሬን ሕመም እዚህም ታክማለች።

ማወቁ አንድ ነገር ነው፣ መተው ሌላ። እጃቸውን ሲያዩ ብረቱን ማየት አይችሉም፤ ብረቱን ሲያዩ እጃቸው ሥራዋን ትሠራለች። ኪሳቸው ቢከቷት ሳያውቁት አውጥተው መዘውሩ ላይ አኑረዋት ያገኟታል። ተናደው ሳይሆን ደክሟቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ ልጄ፣ ያዢልኝ።"

በግራ በኩል እሳቸው ይነዳሉ፤ በቀኝ በኩል፣ ከሚሽከረከረው ራቅ ብዬ፣ እኔ ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሻካራ ነው፣ ይሞቃል፣ የናፍጣ ሽታ አለው። ስለቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ቦታው ጋ ሲደርስ በእጃቸው ውስጥ አንድ ነገር ተላወሰ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲዞር ዓይነት ነው፤ ገፈርሳ ዳር ልጆች ይዘው ሲያሳዩኝ እጄ ላይ የተሰማኝ እንዲያ ነበር። አጥብቄ ያዝኩ። አለፈ።

አባባ ለኩ። ዞረው በሌላው ጫፍ ለኩ። ካሊብሮውን ሳይነቀንቁ ወደ መስኮቷ ብርሃን ወስደው አዩት፣ ከዚያ አናቴን በሻሹ ላይ ሳሙኝ። እሳቸው መሳም የሚያበዙ ሰው አልነበሩም።

የእትዬ አስካለ ወፍጮ በማግስቱ ተነሳ፤ ዱቄት ሽታው እስከ እኛ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ሥራ አልፈታሁም። ቀኑን ሙሉ እጅ እይዛለሁ። ዓሣዋ መጀመሪያ ሁልጊዜ ትላወሳለች፤ እየቆየ እየዘገየች፣ እየላመች መጣች። አንዳንዴ እጁን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኝና በሕልሜ ነጭ ወተት የሚወርድበት ጫካ ውስጥ ከአባባ ጋር እሄድ ነበር። ስነቃ ያው እጅ በእጄ ውስጥ ነው።

ግርማ ሲመለስ እንደዚያ ሆነን አገኘን። ይዤ እመጣለሁ ያለው ወጣት አብሮት አልነበረም፤ ነገ ይደርሳል ተብሏል። በሩ ላይ ቆሞ አየን።

"ምን ዓይነት አሠራር ነው ይኼ?"

"ፍሬኔ ናት" አሉ አባባ ዘወር ሳይሉ።

ግርማ ገብቶ የተጠረበውን ብረት አነሳ። ካሊብሮውን ወሰደ፣ አንዱን ጫፍ ለካ፣ ሌላውን ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ ባልዲዬ ላይ ተቀመጠ፤ ለእሱ በጣም ትንሽ ስለነበረች ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። "ለልጁ ደውዬ አትምጣ እለዋለሁ" አለ። አባባ "ሻይ ስጪው" አሉኝ።

ዝናቡ አባርቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዓሣዋ ጠፋች። ብይዝም ምንም አይላወስም። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት አባባ ኮታቸውን ለብሰው "ሱሉልታ እንሂድ፤ ያቺ ልጅ እንዴት እንደሆነች ልያት" አሉኝ። ቡሬን ነው። ሚኒባሱ እንጦጦን ወጥቶ ሲወርድ ሜዳው ሁሉ ጭጋግ ነበር። ቱታ የለበሱ ሰዎች ከጭጋጉ ወጥተው በመስኮቴ በኩል ይሮጣሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ከማን እንደሚሸሹ አባባን ጠየቅኳቸው። "እንጀራቸው ነው" አሉኝ። እስከምንወርድ ድረስ እንጀራ ከፊታቸው የሚሸሽ እየመሰለኝ አዘንኩላቸው።

አባባ ቤቱን ሳንደርስ በድምፅዋ አወቋት፤ መንገዱ ላይ ቆም ብለው "እሷ ናት" አሉ። እኔ አጠገቧ ቆሜ እንኳ አላወቅኳትም። ታምራት ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀለም ቀብቷታል። ሲያየን ማሽኑን አጥፍቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን።

"ኦቦ በዳዳ፣ እንኳን ደህና መጡ። ጌታ ይባርክዎት። ይሞክሯት እንጂ፣ የእርስዎው አይደለች እንዴ?"

አባባ እምቢ አላሉም። እንዲያውም ለዚሁ የመጡ ይመስለኛል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ብረት አሰሩ። እጆቻቸው በየቦታቸው አረፉ። ፊታቸው ላይ አንድ ወጣትነት መጣ። ስለቱ ሄደ፤ ማንድሪኖው ጋ ደረሰ። ቀኝ እጃቸው ዝም አለች።

ለኩ። ወደ ማንድሪኖው በኩል ወፍሯል። ሌላ ብረት አሰሩ፣ ጠረቡ፣ ለኩ። ያው ነው። የሚገፉበትን ልክ ሊያስታውሱ ጣቶቻቸውን መዘውሩ ላይ አንቀሳቀሱ፤ ጣቶቹ ግን የሚሉት ነገር አልነበረም።

ታምራት ዓይኑን ሰብሮ ቀረብ አለ። "አባት፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አርጅታለች። እዚህ ጋ ስትደርስ ትሸሻለች። ቀኝ እጅዎን በትንሹ ገፋ ማድረግ ነው። ላሳይዎት?"

አባባ ያውቃሉ፣ እሳቸው ናቸው የጀመሩት ልል አፌን ከፈትኩ። የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈች።

"አሳየኝ" አሉት።

ታምራት ጠረበ። ቦታው ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ሸርተት አለች፤ ያችው ናት፣ ልክ ያችው። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው አዩ።

"እንዴት አወቅኸው?"

"እንጃ። ብዙ ብረት አበላሸሁ፤ ከዚያ እጄ አወቀው።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ከፍቷቸውም ነበር፤ ሁለቱንም ፊታቸው ላይ አየሁ። ከኮታቸው ኪስ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡት። የቡሬ ማንድሪኖ መፍቻ ቁልፍ ነበር። ታምራት እስከዚያ ቀን የሚሠራው ራሱ በበየደው ቁልፍ ነው።

"ይኼ የእሷ ነው" አሉት። "ያኔ ስትጫን ረስቼው።"

አልረሱትም። እኔ እንኳ ገባኝ። አንድ ቀን ተመልሳ ትመጣለች ብለው ክረምቱን ሙሉ ይዘውት ሲዞሩ ነበር። ታምራት በሁለት እጁ ተቀብሎ ማንድሪኖው ላይ ሰካው፣ አዞረው። አባባ ሲዞር አይተው ባርኔጣቸውን ደፉ።

"በል ሥራህን ሥራ" አሉት፤ ወጣን።